በረንዳ ላይ የተሠራው አውሮፕላን

ደመወዝ የሚበላ፣ ሚስት ያለው፣ ክፍል ሲገባ ተማሪው ሁሉ ብድግ የሚልለት አንድ ጎልማሳ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ በር ቆልፎ የፕላስቲክ አውሮፕላን ሲገጣጥም ቢያዝ ሰው ምን ይላል? እኔ መልሱን አሳምሬ አውቀው ነበር። በሩን የቆለፍኩትም ስለማውቀው ነው። በዚያች በር ምክንያት ትዳሬ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ዛሬም ነገሩ ትዝ ሲለኝ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

ጣጣውን ያመጣብኝ ጎረቤት ነው። አሶሳ ውስጥ ከግቢያችን አጥር ማዶ አንድ ፈረንጅ የእርዳታ ሠራተኛ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ጠዋት በመኪና ወደ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ይሄዳል፣ ማታ ፀጉሩ እስኪቀላ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። ኮንትራቱ ሲያልቅ ዕቃውን ለጎረቤት አደለ። ለጥበቃው ፍራሽ፣ ለሠራተኛዋ ድስትና ብርድ ልብስ፣ ከእኛ ቀጥሎ ላሉት ሐጂ ደግሞ ፍሪጅ ደረሳቸው። እኔን ጠርቶ ያልተከፈተ ካርቶን አስታቀፈኝ፤ ፊዚክስ ስለማስተምር ይወደዋል ብሎ ነው መሰለኝ። ዓይኔ ፍሪጁ ላይ እንደቀረ አመስግኜ ወጣሁ።

ካርቶኑ ላይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ባሕር ላይ ዘንበል ብሎ እሳት ሲተፋ ተስሏል። ውስጡ ግን አውሮፕላን የለም። ያለው በቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ላይ የተንጠለጠለ ግራጫ ቁርጥራጭ ነው፤ ግማሽ ሆድ፣ ግማሽ ክንፍ፣ ጥፍር የምታህል ጎማ፣ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ መትረየስ። ቁርጥራጩን እየነቀሉ፣ እያለሰለሱ፣ በሥዕሉ ወረቀት መሠረት እያጣበቁ አውሮፕላን ማድረግ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። ክንፍ አውሮፕላንን እንዴት እንደሚያነሳ በጠመኔ ስሥል ዓመታት አልፈዋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፣ እኔም ከልቤ ሳይሆን ከልማድ እቀጥላለሁ። አሁን ያ ቅርጽ በሁለት ጣቴ መሐል ገባ። ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰ ነው። አብራሪው የባቄላ ፍሬ ቢያክል ነው፤ ያም ሆኖ አፍንጫ አለው።

ልጅ ቢኖረን ኖሮ «ለልጄ ነው» ብዬ እገላገል ነበር። ከተጋባን ጥቂት ዓመታት ሆኖናል፣ ልጅ ግን አልመጣም። «ልጅ ቢያጣ ራሱ ልጅ ሆነ» የምትለዋ ቀልድ ከየትኛው ጎረቤት አፍ እንደምትወጣ ሁሉ ገምቼ ነበር። ስለዚህ ካርቶኑን ሰርቪስ ቤት አስገባሁና ቁልፍ ገዛሁለት። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደዚያ ነው። ቆርቆሮው እስኪጮህ ፀሐይ ይመታዋል፣ እኔ በካናቴራ ሆኜ በጥፍር መቁረጫ ጎማ እነቅላለሁ።

ችግሩ ማጣበቂያው ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። መጀመሪያ ከጫማ ሰፊ ማስቲሽ ገዛሁ። ማስቲሽ ያው ሶል የሚለጠፍበት ቢጫ ሙጫ ነው፤ በትልልቅ ከተሞች የጎዳና ልጆች በላስቲክ ጠርሙስ ይዘው የሚያሸቱትም እሱን ነው። አንዱን ክንፍ አበላሸብኝ፤ በሳብኩት ቁጥር እንደ ጅማታም ሥጋ ክር ያወጣል። ቀጥዬ ሱፐር ግሉ ሞከርኩ። እሱ ደግሞ የአብራሪውን መስታወት በትነቱ (ጭስ ሳይኖረው ጨሶ እኮ ነው!) ሞራ እንደወጣበት ዓይን ነጭ አደረገው። በመጨረሻ ከቀለም ቤት ቲነር ገዛሁና በቀጭን ብሩሽ መጋጠሚያው ላይ አስነካሁት። ፕላስቲኩ ትንሽ ይቀልጣል፣ ሁለቱን ጫፍ ገጥመህ ትይዛለህ፣ ሲደርቅ አንድ አካል ይሆናል። ያን ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። ቀለምም ስለሌለኝ ከአንድ ሱቅ ሰማያዊ የጥፍር ቀለም ገዛሁ፤ ለሚስቴ ነው ብዬ ባለሱቋን ዋሸሁ፣ እሷም ለቀይ ሴት አይሄድም ብላ ልታስለውጠኝ ተሟገተችኝ።

ሚስቴ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ቁጥብ ናት፤ ከመናገር ማየት ይቀናታል። ምሳ ሰዓት ላይ ምን እንደምሸት ጠየቀችኝ። የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ነው አልኳት። ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ እንደሌለው አሶሳ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ በሩ ላይ ጽሑፍ አለ፣ ውስጡ የተሰበረ ዴስክ ነው። ዓይኔ ለምን እንደቀላ ጠየቀችኝ። አቧራ ነው አልኳት። ሰርቪስ ቤቱን ለምን እንደቆለፍኩት ስትጠይቀኝ ግን ቱግ አልኩ። እኔ ጥፋት ሲኖርብኝ ነው ቁጣ የሚቀናኝ። ሰው በገዛ ቤቱ አንዲት ክፍል እንኳ አይኖረውም ወይ ብዬ ጮህኩባት፣ እሷም ሳህኑን አንስታ ወጣች።

የጠረጠረችው ምን እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ፤ አልገባኝም ነበር ብል ውሸት ነው። የሚስቴ ታናሽ ወንድም በማስቲሽ የጠፋ ልጅ ነው። በቁጥር ከሚጠሩት የሰፋሪ መንደሮች በአንዱ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ አንድ ቀን ጎተራ ቤት ውስጥ ማስቲሽ እንደያዘ አግኝቶት ደብድቦ ያባረረው። ልጁ በዚያው ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሰፈር ሰው መናኸሪያ አካባቢ አየሁት አለ፣ ጠርሙስ አፍንጫው ሥር አድርጎ። ሌላ ወሬ አልመጣም። በዚያ ቤት ስሙ አይነሳም፤ እናትየውም ስታለቅስ እንጨቱ አጭሶብኝ ነው ትላለች። እኔም የሰፋሪ ልጅ ነኝና፣ ያ ቤት ስንት ነገር ውጦ ዝም እንዳለ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ማስቲሽ ማስቲሽ እየሸተትኩ ከሚስቴ ጎን የምተኛው።

አንድ ቃል ብነግራት ይበቃ ነበር። አልወጣ አለኝ። ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት አወራሁ። ሱሰኛ ነው ተብዬ ልታዝንልኝ ትችላለች፤ አሻንጉሊት ይሠራል ተብዬ ግን ትስቅብኛለች፣ ያንን አልችለውም ብዬ ነው። ወንድ ልጅ ሲታዘንለት እንጂ ሲሳቅበት አይኖርም የሚል ነገር በልጅነቴ ማን እንዳስገባብኝ እንጃ። ታዲያ አንድ ቀን ከሱሪዬ ኪስ የጥፍር ቀለሙን አገኘችው። ምንም አልጠየቀችኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ የልብስ ሻንጣዋ የለም። ባጃጅ ይዛ ወደ አባቷ መንደር እንደሄደች የነገረኝ የፈረንጁ ግቢ ጥበቃ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። የዕድሩ ሰብሳቢ፣ የሚስቴ አጎት፣ አንዱ ደግሞ ጎረቤታችን ሐጂ፤ የአገሩ ተወላጅ የበርታ ሰው፣ አማርኛን በገበያ የለመዱ፣ ከድንበሩ ከተማ ከኩርሙክ በኩል ዕቃ እያስመጡ የሚነግዱ፣ በሰፈሩ ቃላቸው የሚከበር። አማቴ ልጃቸውን ይዘው መጥተው ከበሩ አጠገብ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ሰብሳቢው ዱዓ ካስደረጉ በኋላ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ጀመሩ። ቅድሚያ ለእሷ ተሰጠ። ሽታውን፣ የዓይኔን መቅላት፣ ቁልፉን፣ ላብራቶሪውን፣ የጥፍር ቀለሙን አንድ በአንድ ተናገረች። የጥፍር ቀለሙ ላይ ስትደርስ አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሌላ ሴት አለች ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

«ሴት በሆነች» አለች ሚስቴ። «ሴት ትተዋለች። ይሄ ነገር የያዘው ሰው ሲመለስ ግን አላየሁም።»

አማቴ አንገታቸውን ደፉ። ተራው የእኔ ነው፣ ሁሉም ያዩኛል። እኔስ? ከማስቲሽ ሱሰኛና ከአሻንጉሊት ሠሪ የትኛው ይሻላል ብዬ እያወዳደርኩ ነበር። እንዲያ ያለ ሰው ነኝ እንግዲህ። ሱሰኛ ብባል ይመክሩኛል፣ ያስምሉኛል፣ ሆስፒታል ይሉኛል፤ ከሱስ የተመለሰ ሰው ደግሞ ይከበራል። ከአሻንጉሊት የተመለሰ ሰው አልሰማሁም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጠሩት። ያኔ አማቴ ተነሱና ከእንግዲህ ልጄን ይዤ ልሂድ፣ አንዱን ያጣሁበት ይበቃኛል አሉ። እሷም ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ዞረች። ካሁን በኋላ ዝም ካልኩ እስከ መቼውም አትመለስም። ብድግ አልኩና ከኪሴ ቁልፉን አወጣሁ፤ ተከተሉኝ ብቻ ነው ያልኩት።

አምስት ሰው ተከትሎኝ ጓሮ ወጣ። በሩን ስከፍት የታፈነው የቲነር ሽታ አፍንጫቸውን ሲመታ ሁሉም ወደ ኋላ አሉ። ጠረጴዛው ላይ አውሮፕላኔ ተቀምጧል። መስታወቱ ሞራ ለብሷል፣ ጎማ የለውም፣ ከሆዱ በታች ግማሹ የጥፍር ቀለም ነው፣ አንዱ ክንፉ ላይ የማስቲሽ ክር ተንጨባሯል። ሰርቄ ብያዝ እንዲያ አላፍርም። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያልኩት የዚያን ቀን ነው። ሰብሳቢው ሊስቁ ብለው ሳሉት። አጎትየው ቀርበው በጣታቸው ነካ አደረጉትና ይበራል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። አይበርም አልኩ። ታዲያ ምን ያደርጋል አሉኝ። ምንም አያደርግም አልኩ።

ሐጂ ብቻ አልተነቃነቁም። የእሳቸው ዘመዶች ከድንበር ማዶ ከአውሮፕላን ሸሽተው የመጡ ናቸው፤ ከነሱም ዛሬ ድረስ ጾሬ ካምፕ የሚኖሩ አሉ። ያንን ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። የጦር አውሮፕላን ሲገጣጥም ለከረመ ሰው ገና ያኔ!

«ይሄ ቦምብ ይጥላል?» አሉኝ።

«የጥንት ነው ሐጂ።»

«ጥንትም ሰው ነበረ» አሉና ዞር አሉ።

ሚስቴን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ትስቃለች ብዬ ስንት ጊዜ የፈራኋት ሴት ፈገግም አላለች። አውሮፕላኑን ትንሽ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ይህን አንድ ቃል ለመናገር ሲያቅትህ፣ እኔ ካርድ ክፍል ተቀምጬ እንዳንተ ያለ በሽተኛ የት እንደሚታከም ሰው ስጠይቅ ነበር አለች። አሶሳ ትንሽ ከተማ ናት። ስትጠይቅ የከረመችው ስለ ባሏ እንደሆነ ያልገባው አይኖርም፤ የእሷንም ክብር ሸጬዋለሁ ማለት ነው።

«አንተ እዚህ ስታፍር እኔ ስቀብርህ ነበር» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ሁለታችንን ዞር አድርገው ተመካከሩ። ልማዱ ካሳ መጣል ነው፤ በግ ይባላል፣ ልብስ ግዛላት ይባላል። እኔም ለበግ ተዘጋጅቼ ነበር። ፍርዱን እንዲናገሩ ለሐጂ ተሰጣቸው።

«አውሮፕላን ሐራም አይደለም። ሙጫም ሐራም አይደለም» አሉ ሐጂ። «በር ነው ነገር ያመጣ። አሁን በረንዳ ላይ ይሥራ። መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይየው። ሲያልቅ ሚስት ይመጣል።»

በግ ይሻለኛል ብዬ ለመለመን ምንም አልቀረኝም። ሰብሳቢው አንድ ነገር አከሉበት፤ ከዛሬ ወዲያ በሁለታችሁ መሐል የተቆለፈ ነገር እንዳይኖር፣ ይህን ተቀብለሃል ወይ አሉኝ። ተቀብያለሁ አልኩ። የአማቴን ጉልበት ሳምኩ። እሷም ተቀብያለሁ አለችና ከአባቷ ጋር ወደ መንደር ተመለሰች።

የቤታችን በረንዳ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ጠረጴዛውን ሳወጣ ያየኝ የመጀመሪያው ሰው የራሴ ተማሪ ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ በቡድን በቡድን ሆነው ያልፋሉ፣ ደብተራቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። አንዷ ደፋር «ቲቸር መቼ ነው የሚነሳው?» አለችኝ። ነገ ፈተና አለ ብዬ ዛትኩ፤ ፈተና እንደሌለ እሷም ታውቃለች። ባጃጆች ቀዝቀዝ ይሉና ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ትኬት ስንት ነው ይለኛል። አንዲት ማንጎ የተሸከሙ እናት ለልጅህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ልጅ የለኝም ስላቸው ማንጎውን አውርደው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አላህ እንዲሰጠኝ ዱዓ አደረጉልኝ። ከቀልዱ ሁሉ የከፋብኝ የእሳቸው ዱዓ ነው። ቀና ብዬ አሚን ለማለት እንኳ አፈርኩ።

ሥራውን ግን ሠራሁት። በሰው ፊት የማላፍርበት ነገር ሥራውን ማሳመር ብቻ ስለቀረኝ ይሆን? የማስቲሹን ክር በምላጭ ላጥኩና ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። የመስታወቱን ሞራ በጥርስ ሳሙና እያሸሁ አነሳሁት፤ አብራሪው አፍንጫው ታየ። ጎማዎቹን በቲነር ተከልኩ። ላዩን አረንጓዴ ቀባሁት። ስቀባ ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩኛል፣ ሰላም ይሉኛል፣ ስለ አውሮፕላኑ ግን ቃል አይወጣቸውም። መትረየሶቹን አልገጠምኳቸውም። ወረቀቱ ያዛል፤ እጄ እምቢ አለኝ፣ አጥር ላይ እሳቸው እያሉ። በኋላ ክንፉ ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች በቀለም ደፈንኳቸው።

አማቴ በየገበያው ቀን ይመጡ ነበር። ማሽላቸውን ሸጠው ሲመለሱ በረንዳው ላይ በርጩማ ይዘው ይቀመጣሉ። ሻይ አመጣለሁ፤ ይጠጣሉ። ዝም ብለው ነው እጄን የሚያዩት። ቲነሩን ስከፍት በርጩማቸውን ወደ ጠረጴዛው ያስጠጋሉ። እኔ ደግሞ የምመረመር እየመሰለኝ እርር እላለሁ፤ ጠርሙሱን ከአፍንጫዬ አርቄ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ እንደ ተያዘ ሌባ በግልጽ እየታየሁ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ካላመኑኝ ጠርሙሱን እርስዎ ይያዙት አልኳቸው። ተቀብለው ያዙት። ክዳኑን ሳይከድኑ ያዙት።

የመጨረሻው ቀን የቀረኝ ምልክቱ ብቻ ነበር። ክንፉ ላይ የሚለጠፉት ክብ ምልክቶች ከወረቀት ላይ የሚላቀቁት ውሃ ውስጥ ተነክረው ነው፤ ለስላሳ ስለሆኑ በእርጥብ ጣት ገፋ እያደረጉ ቦታቸው ላይ ማስቀመጥ ነው። ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ሚስቴን ሊያመጧት ተቀጣጥረናል። አማቴ ቀድመው በጠዋት መጡ። የውሃውን ሳህን ያዙልኝ። ምልክቱን አስቀምጬ ሳበቃ ጅራቱ ላይ የላላች ቁራጭ አየሁና ቲነሩን ከፈትኩ። በርጩማቸውን አስጠጉ።

«ስትከፍተው የምጠጋው አንተን ልመረምር አይደለም» አሉ አማቴ። «የልጄ ሽታ ነው።»

ብሩሹን አስቀመጥኩ። እሳቸው ወደ መንገዱ እያዩ ነው የተናገሩት፣ በቀስታ፣ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ልጃቸውን ያባረሩ ቀን ጎተራው ተዘግቶ ነበር። ሽታው ወደ ውጭ ይመጣል። በሩን በእግራቸው መትተው ገቡ፤ ልጁ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ማስቲሹ ጭኑ መሐል ነው። ከከተማ የሚመጣውን ወሬ ሁሉ ሰምተዋል፣ ስለዚህ ያወቁ መሰላቸው። በዱላ መቱት። ልጁ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት አፉን መቱት። ከወር በኋላ ጎተራውን ሲጠርጉ ከጆንያ ሥር የእናቱን ጫማ አገኙ። ሶሉ ተላቅቆ ስትጎትተው የከረመችው ጫማ ነው። አንዱ እግር ተለጥፏል፣ ሌላው አልደረሰም። ለማንም ሳይናገሩ ሽንት ቤት ጣሉት። ማስቲሽ ማሽተት የጀመረው አዲስ አበባ ሄዶ ይሁን ከዚያ በፊት አላህ ያውቃል አሉ። እሳቸው አያውቁም።

«አልጠየቅሁትም» አሉ። «ምን እየሠራህ ነው ብዬ አንድ ቃል አልጠየቅሁትም። የአንተ በር ሲከፈት ባላይ ኖሮ ይህንንም ለራሴ አልናገረውም ነበር።»

አባባ እንዲያ አይበሉ አልኩ፣ ምንም የማይፈይድ ነገር። እጃቸውን ልይዝ ብዬ ጣቴ ቀለም መሆኑን አይቼ ተውኩት። የእኔ ውርደት፣ ያ ሁሉ የተማሪ ሳቅ፣ የባጃጅ ቀልድ፣ እዚያ በርጩማ ፊት ምን ነበር? ሰው ያየውን ውርደት ነው እኔ የተሸከምኩት። እሳቸው ማንም ያላየውን ይዘው ስንት ክረምት አርሰዋል። እናትየው የዚያችን ጫማ ነገር ስለማታውቅ ዛሬም ለልጇ እንደ ጥፋተኛ ነው የምታለቅስለት፤ እህቱም እንዲሁ። አንድ ቃል ቢነግሯቸው ሐዘኑ ሌላ ሐዘን ይሆን ነበር፣ እሳቸው ግን ቤት አይኖራቸውም።

ተነሱ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ለእሷ አትንገርብኝ» አሉኝ። «እናቷም አታውቅም።» እሺ አባባ አልኩ። ሌላ ምን ልል እችል ነበር? ልጃቸውን ሳይጠብቁ ዱላቸውን ይዘው በገበያው መንገድ ወረዱ። እስካሁን ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ይህን በመጻፌ ግን ያፈረስኩት ይመስለኛል፣ እሷ የምታነብበት ቀን ምን እንደምላት አላውቅም።

ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። ሚስቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከሐጂ ኋላ ትመጣለች፣ እናቷ ዳቦ ይዛለች። ጎረቤት ወጥቶ ያያል። አውሮፕላኑ ጠረጴዛው ላይ በጎማዎቹ ቆሟል። ሰብሳቢው ዞረው አዩትና አልቋል ብለው መሰከሩ፣ ሐጂም ዱዓ አደረጉ። ሁሉም ዳቦ ቆርሶ ወደ ውስጥ ሲገባ እኔና እሷ በረንዳው ላይ ቀረን። ጎንበስ ብላ አየችው። አብራሪውን ስታገኘው ያ ስፈራው የነበረ ሳቅ መጣ፤ እስኪያስላት ሳቀች፣ አፍንጫ አለው እኮ አለች። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ። እንዲህ ቀላል ነገር ኖሯል።

ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ከእንግዲህ የተቆለፈ ነገር የለም አይደል?»

«የለም» አልኩ።

በርጩማውን አየችው፤ የሻዩ ብርጭቆ አጠገቡ ነው። አባቷ ጠዋት መምጣታቸውን ከጥበቃው ሰምታለች። ለምን ሳይጠብቁኝ ሄዱ፣ ከፋቸው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

ገበያ እንዳይረፍድባቸው ነው አልኳት።

አመነችኝ።